ሆዴን አመመኝ ያለች ተማሪ

በአማርኛ ሆድ ብዙ ይሸከማል። ይቆርጣል፣ ይነፋል፤ ይብሳል፣ ይባባል፣ ምስጢርም ይይዛል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሆዴን አመመኝ» ብትል ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ቁርስ ሳትቀምስ ወጥታ ይሆናል። የወር አበባዋ መጥቶ ይሆናል። ወይም ማታ ቤት ውስጥ የሆነውን ለማንም ሳትተነፍስ ይዛው መጥታ ይሆናል። ይህን መለየት የትምህርት ቤት ጤና አገልግሎት የመጀመሪያ ሥራ ነው።

በአዲስ አበባ ከዚህ ሥራ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሳው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። የከተማው ፕሮግራም የተጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። የገጠሩ ፕሮግራም 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ ሲያሰማራ፣ የከተማው ግን ነርሶችን መልምሎ የሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና ሰጣቸው። የተመደቡትም በሦስት ቦታ ነው፦ በመኖሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በወጣት ማዕከል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእንጦጦ መንገድ እናቶች ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በሚወርዱበት ሰፈር የልጅቷን ጓዳ ያየች ነርስ፣ ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋውን ተማሪ ሰነፍ ናት ብላ አታልፋትም።

በትምህርት ቤት በኩል የሚሰጥ ጤና ምን ያህል ሰው እንደሚያዳርስ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት አሳይቷል። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር የተሰጠው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ዙር መሰጠት ጀመረ። ልጃገረዶቹ ያሉት ትምህርት ቤት ስለሆነ ክትባቱም ወደዚያው ሄደ።

ለክንድ መርፌ መሰለፍ ግን አያሳፍርም። «ጨንቆኛል» ለማለት መሰለፍ ያሳፍራል። አሜሪካ ውስጥ በሴንት ፖል ከተማ በ1973 እ.ኤ.አ. አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ክሊኒክ ተከፍቶ ነበር። መጀመሪያ የሚሰጠው ከእርግዝናና ከአባላዘር በሽታ ጋር የተያያዘ አገልግሎት ብቻ ነበርና፣ ወደዚያ የገባ ሁሉ ለምን እንደገባ ስለሚታወቅበት ተማሪዎች ሸሹት። የስፖርት ምርመራና ክትባት ሲጨመርበት መጡ። ከዚህ ታሪክ ለየካ የሚወሰድ ነገር አለ፦ በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ባዶውን ሊውል ይችላል፤ የራስ ምታት ክኒን የሚሰጥበት ክፍል ግን ሰው አያጣም።

ፍላጎቱ ደግሞ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥመዋል። በእኛ አገር በዚህ ላይ ፈተናው አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር እየሰማ ደብተሩን የሚገልጥ ልጅ እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም።

ታዲያ እንዴት ይጠየቃል? ጎልደንሪንግና ኮኸን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1988 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት «ሄድስ» የተባለ የአጠያየቅ ዘዴ እስካሁን ይሠራበታል። ምስጢሩ ቅደም ተከተሉ ነው። «ምን ሆነሻል?» ተብሎ አይጀመርም። «ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?» ይባላል። ቀጥሎ ትምህርት፣ ከዚያ ጓደኛና ትርፍ ጊዜ፣ ከዚያ ሱስ፣ ከዚያ ፍቅር ይመጣል። ራስን ስለመጉዳት የሚነሳው ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ነርሷ ቃል ትገባለች፦ ሕይወትሽን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካልሆነ በቀር የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል። ሌላ ተማሪ በመጋረጃ ማዶ የሚሰማበት ክፍል ውስጥ ይህ ቃል ዋጋ የለውም። ስለዚህ የሚዘጋ በር ከመድኃኒት መደርደሪያ ይቀድማል።

ከነርሷ አቅም በላይ ሲሆን መንገዱ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል ማለት አማኑኤል ብቻ ነበር። ዛሬ ብዙዎች በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ማከሚያነቱ የሚያስታውሱት የየካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ብዙ ቤተሰብ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ሽቅብ፣ ወደ እንጦጦ ጠበል ነው። በአዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪሞችና ካህናት ተግባብተው፣ ታማሚው ጠበሉን ሳይተው መድኃኒቱን እንዲወስድ አብረው የሠሩበት ጊዜ አለ። እናትን «ከሁለቱ ምረጪ» ማለት ልጅቷን ከሕክምናው ማራቅ ይሆናል።

ከሳምንት በኋላ ነርሷና ተማሪዋ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ጓደኞቿ አጠገቧ አሉ።

«ሆድሽን ተሻለሽ?» ትላታለች ነርሷ።

«ተሽሎኛል፣ ሲስተር» ትላለች ልጅቷ፤ ጓደኞቿ ስለ ቁርጠት የሚያወሩ መስሏቸው ያልፋሉ።