ከበቆሎ ጎተራ ወደ ሥነ ጥበብ ሙዚየም

አንድ ፋብሪካ ወይም መጋዘን የተገነባለት ሥራ ሲያበቃ ሕንፃውን አፍርሶ ቦታውን ለሌላ ግንባታ ማዋል የተለመደ ቢሆንም፣ ነባሩን አካል ሳያፈርሱ ለአዲስ አገልግሎት የማዘጋጀት አሠራር በብዙ የወደብ ከተሞች ተስፋፍቷል። በአፍሪካ ከታዩት መካከል እጅግ አስተማሪው የኬፕ ታውን ወደብ የእህል ጎተራ ነው።

ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1921 ተጀምሮ በ1924 የተጠናቀቀው ይህ ጎተራ 57 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በዘመኑ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ከነበሩት ሕንፃዎች ሁሉ ረጅሙ ነበር። ከአገር ውስጥ በባቡር የመጣው እህል በጎተራው ማማ ውስጥ እየተመዘነና በደረጃ እየተለየ፣ ጎን ለጎን በተደረደሩ 42 ክብ የአርማታ ጉድጓዶች ተከማችቶ በመርከብ ይጫን ነበር። ጎተራው ሥራ ከፈታ በኋላ ዋናው ችግር ጉድጓዶቹ ወለልም መስኮትም የሌላቸው፣ ለእህል እንጂ ለሰው ያልተሠሩ መሆናቸው ነበር።

እንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ ቶማስ ሄዘርዊክ የአንዲት የበቆሎ ፍሬን ቅርጽ በኮምፒውተር አስነሥቶ ፎቅ እስኪያህል ካሳደገው በኋላ፣ ጉድጓዶቹን በዚያው ቅርጽ አስፈልፍሎ ከፍ ያለ አዳራሽ አወጣባቸው። የነባሩ ግድግዳ ስስነት ሕንፃውን ለአደጋ እንዳያጋልጥ አስቀድሞ በውስጥ በኩል አዲስ አርማታ የተሞላ ሲሆን፣ የተቆረጠው ጠርዝ ተወልውሎ ከሻካራው የቀድሞ ግድግዳ ጎልቶ እንዲለይ ተደርጓል። ዛይትዝ የተባለው የዘመናዊ አፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም 80 የዐውደ ርእይ ክፍሎችን ይዞ በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ተከፈተ።

ቅርስ መነካት የለበትም የሚሉ ወገኖች እንዲህ ያለውን መቁረጥ ጥፋት ይሉታል፤ ይሁንና ጉድጓዶቹ ተዘግተው ቢቀሩ ሕዝብ የሚያየው የውጭውን ግድግዳ ብቻ ነበር፤ መቆረጣቸው የጎተራውን አሠራር ገልጦ አሳይቷል። የሚያሳዝነው ቅርጹ ስለ እህሉ ብዙ ሲናገር ጭነቱን ስለ ተሸከሙት ሠራተኞች የሚለው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። የማማው የላይኛው ክፍል የቅንጦት ሆቴል ስለሆነ፣ ከፍ ካለው መስኮት ከተማዋን ማየት የሚችለው አቅም ያለው እንግዳ ብቻ ነው።

የድሬዳዋ አሮጌው የምድር ባቡር ጥገና ማዕከል ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ በዚያ አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ከነሥራ ቦታቸው ስላሉ፣ ለባህልም ሆነ ለንግድ የሚታሰብ ማናቸውም ለውጥ ከሕንፃው በፊት ከእነርሱ መነሣት ይኖርበታል።