ኮምቡቻን በምን ዕቃ እንጥመቅ? የአሲድና የማሰሮ ኬሚስትሪ

እ.ኤ.አ. በ1998 በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ዘገባ በእርሳስ ስለተመረዙ ባልና ሚስት ይተርካል። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ሳይሆን በመኪና ባትሪ ውስጥ የሚገኘውን ከባድ ብረት ማለታችን ነው። ባልና ሚስቱ በቤት የተዘጋጀ ኮምቡቻ ለስድስት ወራት ሲጠጡ ቆይተዋል። ሐኪሞቹ የመርዙን ምንጭ ሲመረምሩ ጥርጣሬያቸው ያረፈው መጠጡ በተጠመቀበት የሸክላ ማሰሮ ላይ ነበር። በግምታቸው መሠረት የመጠጡ አሲድ ማሰሮውን ካስዋበው ቀለምና ሽፋን ውስጥ እርሳሱን እያሟሟ አውጥቶታል።

ምግብ ስናዘጋጅ ስለ ውኃው ንጽሕና፣ ስለ ስኳሩና ስለ ቅመሙ ጥራት እንጨነቃለን። ስለ ዕቃው ግን መታጠቡን እንጂ ከምን እንደተሠራ እምብዛም አንጠይቅም። ጎምዛዛ መጠጥ በሚጠመቅበት ጊዜ ዕቃው ራሱ ከመጠጡ ግብዓቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዴት? ውድ አንባቢ፣ መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ የመጠጡን ጠባይ እንመልከት።

ለመሆኑ ኮምቡቻ ምንድን ነው?

ኮምቡቻ በስኳር የጣፈጠ ሻይን በማብላላት የሚገኝ ጎምዛዛና በመጠኑ የሚያረፋ መጠጥ ነው። ጥንተ መገኛው ሰሜን ምሥራቅ እስያ እንደሆነ ይነገራል። አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። ሻይ ይፈላል፤ ስኳር ይጨመርበታል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ ቀድሞ ከተዘጋጀ ኮምቡቻ ጥቂቱ፣ በላዩ ከሚንሳፈፈው ቆዳ መሰል አካል ጋር ይጨመርበታል። ይህ አካል ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ሴሉሎስ ሲሆን ለእነርሱና ለእርሾዎች የጋራ መኖሪያ ነው። እርሾዎቹ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ከአየር በሚያገኙት ኦክሲጅን አማካይነት አልኮሉን ኮምጣጤን ወደሚያጎመዝዘው አሴቲክ አሲድ፣ ከግሉኮሱም ከፊሉን ወደ ግሉኮኒክ አሲድ ይቀይሩታል።

ኮምቡቻ በኢትዮጵያ ቤቶች እንደ ጠላና ጠጅ የተለመደ አይደለም። ሆኖም ሊጥ ያቦካ፣ ጠላ የጠመቀ ወይም ጠጅ የጣለ ሰው ሂደቱ እንግዳ አይሆንበትም። ቀጥሎ የምናነሣው የዕቃ ጉዳይም እነዚህን ሁሉ ይመለከታል።

አሲድና ጊዜ

አሲድነት የሚለካው ፒኤች በተባለው መለኪያ ነው። የንጹሕ ውኃ ፒኤች 7 ሲሆን ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ቀናት የተብላላ ኮምቡቻ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ይደርሳል። መለኪያው ሎጋሪዝማዊ በመሆኑ በእያንዳንዱ አኃዝ መካከል የዐሥር እጥፍ ልዩነት አለ። ስለዚህ ፒኤቹ 3 የሆነ ፈሳሽ ከንጹሕ ውኃ 10,000 እጥፍ የሚበልጥ የሃይድሮጅን አዮን ይዟል። ይህ አሲድነት ለጠማቂው ወዳጅ ነው፤ በሽታ አምጪ የሆኑ ብዙ ባክቴሪያዎች በእንዲህ ያለ ጎምዛዛ ፈሳሽ ውስጥ ማደግ ይሳናቸዋልና። ነገር ግን እነዚሁ የሃይድሮጅን አዮኖች የዕቃውንም ግድግዳ ይነካሉ።

ከዕቃው ወደ መጠጡ የሚወጣው ነገር መጠን በአሲዱ ብርታት፣ በሙቀት፣ ፈሳሹ በሚነካው ገጽ ስፋትና በቆይታ ጊዜ ይወሰናል። ከእነዚህ ውስጥ በቀላሉ የሚዘነጋው ጊዜ ነው። ወጥ በሰሐን ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ለዐሥራ አራት ቀናት የሚጠመቅ ኮምቡቻ ግን በዕቃው ውስጥ 336 ሰዓታት ያሳልፋል፤ ይህም ከወጡ ቆይታ 672 እጥፍ ይሆናል። ለመመገቢያ የማያሰጋ ዕቃ ለመጥመቂያ ሊያሰጋ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያብረቀርቅ ሸክላና ክሪስታል

ብዙ የሸክላና የሴራሚክ ዕቃዎች ውኃ እንዳያሳልፉና እንዲያምሩ መስታወት መሰል ሽፋን ይደረግላቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ሽፋኑን ልባጥ እንለዋለን። የልባጥ ዋና አካል ሲሊካ ነው። ሲሊካ ለብቻው የሚቀልጠው ከ1,700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በመሆኑ የማቅለጫውን ሙቀት ዝቅ የሚያደርግ ሌላ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። ለዚህ ተግባር የእርሳስ ኦክሳይድ ለብዙ ዘመናት ተመራጭ ነበር፤ ገጹን ለስላሳ፣ ቀለሙንም ደማቅ ያደርገዋልና። ለአንዳንድ ቢጫና ቀይ ቀለሞች ደግሞ ሌላው መርዛማ ብረት ካድሚየም ይገባል። ልባጡ በትክክል ካልተቀመመ ወይም በበቂ ሙቀት ካልተተኮሰ አሲድ እነዚህን ብረቶች በቀላሉ ያወጣቸዋል።

ክሪስታል የሚባለው የተዋበ ብርጭቆም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአውሮፓ ደንብ የእርሳስ ክሪስታል ተብሎ ለመጠራት ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። በእርሱ መጠጥ ቀድቶ ወዲያው መጠጣት አንድ ነገር ነው፤ አሲድ አጠራቅሞ ለሳምንታት ማስቀመጥ ግን ሌላ።

አደጋውን የሚያከብደው ምላሳችን የማያስጠነቅቀን መሆኑ ነው። እርሳስ ከአሴቲክ አሲድ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረው የእርሳስ አሲቴት ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ጥንት የእርሳስ ስኳር ይባል ነበር። የጥንት ሮማውያን የወይን ጭማቂን በእርሳስ ዕቃ አፍልተው በማወፈር ለማጣፈጫነት ይጠቀሙበት እንደነበር ይታወቃል። ወደ ሰውነት የገባ እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል፤ ከነፍሰ ጡር እናት ወደ ፅንሱ ይተላለፋል፤ የሕፃናትንም የአእምሮ እድገት ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት እንደማያስከትል የተረጋገጠ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይገልጻል።

«ዕቃው ተፈትሾ ያለፈ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በተለመደው የላቦራቶሪ ፍተሻ ዕቃው 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ባለው ፈሳሽ ተሞልቶ በክፍል ሙቀት ለ24 ሰዓታት ይቆይና የወጣው እርሳስ ይለካል። የዩናይትድ ስቴትስ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለእርምጃ መነሻ ያደረገው መጠን ለዝርግ ሰሐን በአንድ ሚሊ ሊትር 3 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ ለኩባያና ለማንቆርቆሪያ ግን 0.5 ማይክሮ ግራም ነው። ልዩነቱ ከዕቃው አገልግሎት የመጣ ነው። የ24 ሰዓቱ ፍተሻ የተዘጋጀው ለገበታ ዕቃ ነው፤ አሲድ በየሁለት ሳምንቱ እየታደሰ ለሚሞላበት መጥመቂያ ዋስትና አይሆንም።

ጋንና እንስራስ?

የሀገራችን ጋን፣ እንስራና ማሰሮ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ልባጥ የላቸውም። በመሆኑም ከላይ የተነገረው የልባጥ አደጋ በቀጥታ አይመለከታቸውም። የእነርሱ ጠባይ ሌላ ነው። ያልተለበጠ ሸክላ በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች አሉት፤ ፈሳሹ ወደ ቀዳዳዎቹ ዘልቆ ይቀራል፤ እርሾና ባክቴሪያም በዚያው ይደበቃሉ። ጋን በግራዋ የሚታሸውና በወይራ ጭስ የሚታጠነው ለሽታው ብቻ ሳይሆን ገጹን ለማጽዳትም ጭምር ነው። ለጠላ የወይራው ጭስ መልካም መዓዛ ነው። ቀድሞ ጠላ በተጠመቀበት ጋን ኮምቡቻ ቢጠመቅ ግን በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀሩት ተሕዋስያንና ጭሱ የመጠጡን ጠባይ ይለውጡታል። ጋን ለለመደው ሥራ ቢተው ይሻላል።

ብረታ ብረት

አሉሚኒየም በአየር ላይ የማይጠፋው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚከላከልለት ነው። ይህ ሽፋን በጠንካራ አሲድ ውስጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ የኮምቡቻ ፒኤች ለብረት ድስት አይስማማውም። ድስቱ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ ሲሆን ስጋቱ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በካሜሩን ከቁርጥራጭ የተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶችን ወስዶ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ በውስጣቸው በማፍላት ፈትሿቸዋል፤ ከብዙዎቹም እርሳስ ወደ ፈሳሹ እንደሚወጣ አሳይቷል።

በዚንክ የተለበጠ ባልዲ ወይም በርሜልም አይመረጥም። ዚንክ ከአሲድ ጋር በፍጥነት ተዋሕዶ የሃይድሮጅን ጋዝ ይለቅና በመጠጡ ውስጥ ይሟሟል። እንዲህ ያለውን መጠጥ የጠጣ ሰው የማቅለሽለሽ፣ የማስመለስና የሆድ ቁርጠት ሕመም ሊደርስበት ይችላል። መዳብና ነሐስም እንደዚሁ ናቸው።

የማይዝግ ብረት ከእነዚህ ይለያል። ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው በገጹ ላይ ስስና ጠንካራ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ይፈጥራል። 304 የሚል ምልክት ያለው ዓይነት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል ይይዛል። 316 የሚባለው ደግሞ ሞሊብዲነም ተጨምሮበት የበለጠ አሲድ ይቋቋማል። ምልክቱ የማይታወቅ፣ በቅብ ብቻ የሚያብረቀርቅ ወይም የተቧጨረ ዕቃ ግን በዚህ መደብ አይቆጠርም።

ፕላስቲክ

በፕላስቲክ ዕቃ ግርጌ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታየው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ይናገራል። 2 ጥቅጥቅ ያለ ፖሊኢትሊን፣ 5 ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሁለቱም ደካማ አሲድን በደንብ ይቋቋማሉ። ቁጥር 7 ግን የልዩ ልዩ ፕላስቲኮች መደብ ሲሆን ቢስፌኖል ኤ ሊለቅ የሚችለው ፖሊካርቦኔት ከነዚህ አንዱ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ቁጥሩ ዓይነቱን እንጂ ለምግብ የተሠራ መሆኑን አለመናገሩ ነው። ለምግብ መሠራቱ በዕቃው ላይ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ከዓይነቱ በላይ የሚያሰጋው የዕቃው ያለፈ ታሪክ ነው። ቀለም፣ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥም ሆነ ለሊጥ ቡሃቃነት መዋል የለበትም፤ ፕላስቲክ ኬሚካሉን መጥጦ ቆይቶ ቀስ በቀስ ይለቀዋልና። የተቧጨረ ፕላስቲክም በየጭረቱ ተሕዋስያን ስለሚያስጠልል ቢለወጥ ይመረጣል።

ተመራጩ ብርጭቆ

ተራው ብርጭቆ 70 በመቶ ያህል ሲሊካ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ሶዳና ኖራ ነው። እርሳስ አይጨመርበትም፤ ቀዳዳ የለውም፤ ሽታ አይዝም፤ በኮምቡቻ አሲድም አይበገርም። ግልጽ በመሆኑ በመጠጡ ላይ ሻጋታ ቢወጣ ወዲያው ይታያል። ሰፊ አፍ ያለው የምግብ ማስቀመጫ ጠርሙስ ለዚህ ሥራ ይስማማል። ባክቴሪያዎቹ ኦክሲጅን ስለሚሹ አፉ በክዳን ሳይሆን ትንኝ በማያሳልፍ ንጹሕና ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ይሸፈናል። ትኩስ ሻይ ግን ብርጭቆውን ሊሰነጥቅ፣ ተሕዋስያኑንም ሊገድል ስለሚችል አስቀድሞ በደንብ መቀዝቀዝ አለበት።

የብርጭቆ ድክመት የሚታየው መጠጡ እንዲያረፋ ታሽጎ ሲቀመጥ ነው። እርሾው በታሸገ ጠርሙስ ውስጥም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማምረቱን ስለማያቋርጥ ግፊቱ እያደገ ሄዶ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። የሚረጨውም ስባሪ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ለማሸግ የሚመረጠው ለጋዛም መጠጥ የተሠራ ወፍራምና ክብ ጠርሙስ ነው፤ ለጌጥ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ጠርሙስ ለግፊት አይመችም። ጀማሪ ጠማቂ ለምግብ የተሠራ ለስላሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢጠቀም በእጁ ጨምቆ የግፊቱን መጠን ማወቅ ይችላል። ጠርሙሱ ድርቅ ሲል ወደ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት፤ ቅዝቃዜው የእርሾውን ሥራ ያዘገየዋልና።

ዕቃ ከመምረጣችን በፊት

እንግዲህ ጎምዛዛ ነገር ልናቆይበት ባሰብነው ዕቃ ላይ አራት ጥያቄዎችን እናቅርብ። ከምን ተሠራ? ለምግብ ተብሎ የተሠራ ነውን? ከዚህ በፊት ምን ነበረበት? መጠጡስ በውስጡ ስንት ቀን ይቆያል? ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች አንዱ እንኳ መልስ ካጣ ዕቃው ለመጥመቂያነት አይሁን። ልባጡ የማይታወቅ ያማረ ማሰሮ መጣል የለበትም፤ አበባ ይቀመጥበት።

ይህ ምክር ለኮምቡቻ ብቻ የተሰጠ አይደለም። የጠጅ ፒኤች ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ የኮምጣጤና የሎሚ ጭማቂም ከዚያ ዝቅ ይላል። በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የፒኤች ወረቀት የሚያገኝ ተማሪ በቤቱ የሚቦካውንና የሚጠመቀውን በየቀኑ ቢለካ ቁጥሩ ሲወርድ በዓይኑ ያያል። ቁጥሩ ከ4 በታች ሲሆን ቀጥሎ መመርመር ያለበት ፈሳሹ ያረፈበት ዕቃ ነው።