በሦስት የሚታጠፍ ወረቀት

አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት ተብለው ሲጠሩ አብሮ የሚነሳው «የ13 ወር ፀጋ» የተሰኘው መፈክራቸው ነው። በንጉሡ ዘመን ወጥቶ በ2008 ዓ.ም «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ በየፖስተሩና በየብሮሸሩ ላይ ታትሟል። ለውጭው አንባቢ በእንግሊዝኛ የቀረበው የ13 ወር ፀሐይ ተብሎ ነበር። እዚህ ውስጥ «ውብ» የለም፣ «አስደናቂ» የለም። ያለው የዘመን አቆጣጠራችን እውነትና የአየሩ ሁኔታ ብቻ ነው። በአውሮፓ ክረምት ብርድ ውስጥ ተቀምጦ የት ልሂድ ለሚል ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ አየሩ ነው። መፈክሩ የተነሳው ከአንባቢው ጥያቄ ስለሆነ ያን ያህል ዘመን ቆየ።

ዛሬ በየቢሮው እንግዳ መቀበያ ላይ ተደርድረው የምናያቸው ብሮሸሮች አብዛኞቹ የሚነሱት ከባለቤቱ ነው። ሲገለጡ የሥራ አስኪያጁ ፎቶና መልእክት ይቀድማል፤ ቀጥሎ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት ይመጣል፤ ድርጅቱ በስንት ዓ.ም ተመሠረተ የሚለውም አይቀርም። ደንበኛው ሊያውቅ የመጣው ነገር ከጀርባ በትንንሽ ፊደል ይታጨቃል። ብሮሸር ሊያሠሩ ሲነሱ ዲዛይነር ከመፈለግዎ በፊት ሁለት ነገር ይወስኑ። ይህን ወረቀት የሚይዘው ሰው ማን ነው? አንብቦ ሲጨርስስ ምን እንዲያደርግ ይፈልጋሉ? እንዲደውል፣ እንዲመጣ ወይስ ቀን እንዲይዝ? ሁሉንም ልንል ካልን አንዱም አይሆንም።

በምሳሌ እንየው። በባሌ ዲንሾ ያሉ አስጎብኚዎች ለአገር ውስጥ ጎብኚ ብሮሸር ሊያሠሩ ነው እንበል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩትም እዚያ ነው። እንዲህ ያለ ሀብት የያዘ ሰው ብዕሩን ሲያነሳ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው እንዲህ ነው፦ «በተፈጥሮ ውበት የታደለውን ባሌን በልዩ መስተንግዶ እያስጎበኘን የማይረሳ ጊዜ እናሳልፍዎታለን።» ይህን ዓረፍተ ነገር ባሌን አውጥተው ላንጋኖን ቢያስገቡበት ምንም አይጎድልበትም። ችግሩም ይኸው ነው።

አሁን ይህን ያንብቡ፦ «ጠዋት ከዲንሾ ተነስተን የደጋ አጋዘን በእግር እናያለን። በማግስቱ በመኪና ወደ ሳነቴ እንወጣለን። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው በቀን ስለሆነ ጠዋት ማልደን እንሄዳለን። ቦታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ወፍራም ጃኬት ይያዙ፤ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ከእኛ አለ።» ከአዲስ አበባ ቤተሰቡን ይዞ ሊመጣ ያሰበ ሰው የሚጨነቀው በብርዱ፣ በልጆቹና ምን ይዤ ልሂድ በሚለው ነው። ብርዱን በግልጽ የነገረውን ሰው ስለ ቀበሮውም ያምነዋል። ጉድለትን መናገር ገበያ ያባርራል ብለው የሚሰጉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሳይነገረው ደርሶ የተንቀጠቀጠ እንግዳ ተመልሶ አይመጣም፤ ሌላ ሰውም አይልክም።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ወረቀቱን ማሰብ ነው። የተለመደው ብሮሸር አንድ ኤ4 ወረቀት በሦስት ታጥፎ የሚሠራው ነው፤ በሁለቱም ፊት ስድስት ገጽ ይወጣዋል። ኤ4 ወደ ጎን ሲያዝ ስፋቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱን ክፍል እኩል 99፣ 99፣ 99 አድርጎ የሚከፍል ሰው ይሳሳታል፤ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ክፍል ከሌሎቹ ጋር እኩል ከሆነ ሲታጠፍ ይጨናነቃል፣ ወረቀቱም ያብጣል። ስለዚህ ሁለቱን 100 አድርጎ ወደ ውስጥ የሚገባውን 97 ማድረግ የተለመደ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ባዶ ወረቀት አጥፈው በእጅዎ ገጾቹን ቁጥር ይስጧቸው። ሽፋኑን ሲከፍቱ በግራ የውስጡ የመጀመሪያ ገጽ፣ በቀኝ ደግሞ የታጠፈው ክፍል ጀርባ አብረው ይታያሉ። ያቺ የቀኝ ገጽ ከሁሉ የምትበልጥ ቦታ ናት። ሽፋኑ ጥያቄ ካነሳ መልሱ የሚጠበቀው እዚያ ነው፤ ብዙዎች ግን የስፖንሰሮችን አርማ ይደረድሩባታል። ዲንሾዎቹን ብሆን እዚያች ላይ የሁለቱን ቀን ጉዞ ከነሰዓቱ አሰፍርባታለሁ። አድራሻና ስልክ ደግሞ ሳይከፈት ከጀርባ መገኘት አለበት።

የአማርኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው፤ በላቲን ፊደል የተሠራ ንድፍ ላይ ቃሉን ብቻ መተካት አያዋጣም። ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ ርእስን የምንለየው በመጠንና በውፍረት ነው። በኮምፒውተር ላይ ተራውን ፊደል በግድ ማወፈር ግን የ«ጨ»ንና የ«ጩ»ን ውስጥ ይደፍነዋል፤ ከመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ የተሠራ ፎንት መምረጥ ይሻላል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ነው። ፊደሉ ሲያንስ፣ ይልቁንም በጠቆረ ፎቶ ላይ በነጭ ሲጻፍ፣ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። በእንግሊዝኛ 8 ነጥብ የሚነበብ ጽሑፍ በአማርኛ 10 ነጥብና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በመስመሮቹ መካከልም ተጨማሪ አየር ያስፈልገዋል። ቃሎቻችንም ረጃጅም ናቸው። «ለሚመጡልንም እንግዶቻችን» የመሰለ ሐረግ በ100 ሚሊ ሜትር ገጽ ላይ ከግራም ከቀኝም እኩል ይሁን ሲባል በቃሎቹ መካከል ነጭ ጉድጓድ ይፈጠራል። ከግራ አስተካክሎ ቀኙን እንደመጣ መተው ለዓይን ይቀላል።

ለተለያየ ቋንቋ አንባቢ ሲሠራም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ በአንድ ወረቀት ላይ ሲጨናነቁ ሦስቱም ይጎዳሉ፤ ገንዘቡ ከተገኘ ለየብቻ ማሳተም ይሻላል። ሰዓትና ቀን ላይ ይጠንቀቁ። ለአገር ሰው «ጠዋት 1 ሰዓት» ያልነው ለውጭ እንግዳ 7 ሰዓት ነው፤ እንዳለ ከተተረጎመ እንግዳው ወይ በሌሊት ይነሳል ወይ ጉዞው ያመልጠዋል። ዋጋስ? ብር በገበያ ይመንዘር ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። በብሮሸሩ ላይ ከማተም ለብቻው በተራ ወረቀት አባዝቶ መሐሉ ላይ ማስገባት ይቀላል። ዋጋን ጨርሶ መደበቅን ግን አልመክርም።

ፎቶ ጥቂት ይሁን፤ ትልቅና የራስ ይሁን። ለህትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስለሚፈለግ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፎቶ ወደ 1,200 ፒክሰል ይጠይቃል። በስልክ ላይ ጥርት ብሎ የታየ ፎቶ በወረቀት ላይ የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ተጨምቆ ስለመጣ ነው። ለዲዛይነሩ ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ።

ማተሚያ ቤት ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ዩኒኮድ ባልሆነ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ጽፎ፣ ፎንቱን አብሮ በያዘ ፒዲኤፍ ማስረከብ ከዚህ ያድናል። ቀለም እስከ ወረቀቱ ጫፍ የሚደርስ ከሆነ፣ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተው፤ አለበለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ይቀራል። በስክሪን የሚያበራው የባሌው ሐረና ደን አረንጓዴ በአራቱ የህትመት ቀለሞች ሲታተም ይፈዛል፤ ስለዚህ በስክሪን አይተው አይፍረዱ። ወረቀቱ ከ130 እስከ 170 ግራም ያለ አርት ወረቀት ቢሆን በቂ ክብደት አለው፤ ከዚያ ሲወፍር ከመታጠፉ በፊት የእጥፉ መስመር ካልተረገጠ ቀለሙ እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል። ማት የሚባለውን፣ የማያብረቀርቀውን፣ እኔ እመርጣለሁ፤ ብርሃን አይመልስም፣ አስጎብኚውም ስሙንና ስልኩን በእስክርቢቶ ሊጽፍበት ይችላል። ሁሉም ከመታተሙ በፊት በዚያው ወረቀት የታተመና የታጠፈ ናሙና ይጠይቁ። በናሙናው ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር ራስዎ ይደውሉበት፤ ኪውአር ኮዱንም በሌላ ሰው ስልክ ይሞክሩት።

በመጨረሻ ወረቀቱ የት ይቀመጣል የሚለው ይቀራል። ለዲንሾዎቹ ጎባና ሮቤ ያሉ ሆቴሎች፣ አዲስ አበባ ያሉ የጉዞ ወኪሎች፣ የፓርኩ መግቢያም አሉላቸው። ለእያንዳንዱ ቦታ በሚሰጠው ብሮሸር ጀርባ ላይ የተለየ ትንሽ ምልክት ቢደረግና ደዋዩ «ምልክቱ ምንድን ነው?» ቢባል፣ ቀጣዩን ህትመት ለየትኛው ቦታ በብዛት እንደሚያሠሩ ያውቃሉ።