የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም፤ ምልክቶቹና ሕክምናው

ከጆሮ ፊት ለፊት የሚሰማ ሕመም ሁሉ የጆሮ፣ ጉንጭ ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉም የጥርስ አይደለም። ከጥርስ ሐኪም ወደ ጆሮ ሐኪም ሲመላለሱ ከሚቆዩ ሕሙማን መካከል የችግራቸው ምንጭ የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚጋጠምበት ስፍራ የሆነባቸው ይገኛሉ። ይህ በጊዜው ካልታወቀ ሕመምተኛው የማያስፈልገውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይወስዳል፤ አልፎ ተርፎም ጤነኛ ጥርሱን እስከ ማስነቀል ይደርሳል። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ግን ሕመሙ እንዳለ ይቆያል።

የመገጣጠሚያው አሠራር

ጣትን ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት አሳርፎ አፍን መክፈትና መዝጋት የመገጣጠሚያውን እንቅስቃሴ ያሳውቃል። አፍ መከፈት ሲጀምር የመንጋጋው አጥንት ራስ በጉድጓዱ ውስጥ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፤ አፉ ይበልጥ ሲከፈት ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንዳይፋተጉ የሚከላከል ጠንካራና ተጣጣፊ ዲስክ አለ። የቀኙና የግራው መገጣጠሚያ በአንድ አጥንት የተያያዙ ስለሆኑ የአንደኛው መታወክ ለሌላውም ጫና ይሆናል።

የሕመሙ ዓይነቶችና መንሥኤዎቹ

ችግሩ በሦስት ዋና ዋና ክፍሎች ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያውና በብዛት የሚታየው የማኘኪያ ጡንቻዎች ሕመም ነው። ሁለተኛው የዲስኩ ከቦታው መንሸራተት ሲሆን፣ ሦስተኛው የመገጣጠሚያው መቆጣት ወይም መበላት ነው፤ ሪህ መሰል የመገጣጠሚያ በሽታዎችም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። በአንድ ሕመምተኛ ላይ ከአንድ በላይ የሆኑት ተደርበው ሊገኙ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም የጆሮና የፊት ሕመምን ከጥርስ አገጣጠም መዛባት ጋር አያይዞ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ ሁሉ በጥርስ አገጣጠም ላይ ሲጣል ቆይቷል። ዛሬ ግን መንሥኤው አንድ ብቻ እንዳልሆነ ታውቋል። ጥርስን ማፋጨትና ነክሶ መያዝ፣ በመንጋጋ ላይ የደረሰ አደጋ፣ ጭንቀትና የእንቅልፍ ማጣት እንዲሁም ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም መኖር ድርሻ አላቸው። ጫትን ወይም ማስቲካን ለረጅም ሰዓት ማኘክም ጡንቻውንና መገጣጠሚያውን ያደክማል። ሕመሙ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ይታያል።

ምልክቶቹና ምርመራው

ዋነኛው ምልክት ሲያኝኩ፣ ሲናገሩ ወይም ሲያዛጉ የሚብስ በጉንጭ፣ በጆሮ ዙሪያና በሰሪሳራ ላይ የሚሰማ ሕመም ነው። ጠዋት ሲነቁ መንጋጋን የሚይዝ ድካም፣ ራስ ምታት፣ የአፍ በሚገባ አለመከፈትና ሲከፈት ወደ አንድ ጎን መዞርም ይታያሉ። አንድ አዋቂ ሰው አፉን ሲከፍት በፊት ጥርሶቹ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ይኖራል፤ የራሱን ሦስት ጣቶች ደርቦ ማስገባት ካልቻለ መከፈቱ ቀንሷል ማለት ነው።

መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የሚሰማ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሕመም ወይም የመከፈት ችግር ካልተከተለው ሕክምና አያስፈልገውም። ይልቁንም ይሰማ የነበረው ድምፅ በድንገት ጠፍቶ አፉ አልከፈት ካለ፣ የተንሸራተተው ዲስክ መንገድ ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያሻል።

አብዛኛው ሕመም የሚታወቀው የሕመምተኛውን ታሪክ በጥሞና በማዳመጥና በእጅ በመመርመር ነው። ራጅ ስብራትን ወይም የአጥንት መበላትን ለማየት ይረዳል፤ ዲስኩን ግን አያሳይም። ለዚህ የኤም አር አይ ምርመራ ይታዘዛል።

ችላ ሊባሉ የማይገባቸው ሁኔታዎች

የሚከተሉት ሲያጋጥሙ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

• ከቁስል በኋላ አፍ አልከፈት ማለት፣ በተለይ ከአንገት መገተርና ለመዋጥ ከመቸገር ጋር፤ ይህ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል።
• ከትኩሳትና ከአገጭ በታች እብጠት ጋር የመጣ የአፍ አለመከፈት፤ ከጥርስ የተነሣ ኢንፌክሽን የአየር ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል።
• ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ አዲስ የሰሪሳራ ሕመም፣ ሲያኝኩ መንጋጋ መዛልና የዓይን ብዥታ፤ ፈጥኖ ካልታከመ ዓይን ሊያሳውር የሚችል የደም ሥር መቆጣት ነው።
• በሥራ ወይም በእርምጃ ጊዜ የሚመጣና በእረፍት የሚለቅ የመንጋጋ ሕመም፣ ወይም ላብና የደረት መጨነቅ የተከተለው፤ ምንጩ ልብ ሊሆን ይችላል።
• በአገጩ ወድቆ የተጎዳ ሕፃን፤ ያልታወቀ ስብራት መገጣጠሚያውን አጣብቆ አፉ እንዳይከፈት፣ መንጋጋውም እንዳያድግ ሊያደርግ ይችላል።

አፍ እንደተከፈተ አልዘጋ ካለ መንጋጋው ወልቋል ማለት ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስ የገለጸው በእጅ የመመለስ ዘዴ ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም፤ ይኸውም መንጋጋውን ወደ ታች ተጭኖ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሆኖም ስብራት አለመኖሩን ሳያረጋግጡ በጉልበት መሞከር ጉዳት ስለሚያስከትል ለሠለጠነ ባለሙያ መተው ይገባል።

ሕክምናው

አብዛኞቹ ሕሙማን በቀላል ሕክምና ይሻላቸዋል። መነሻው ሕመሙ አስጊ አለመሆኑን ማስረዳትና መንጋጋን ማሳረፍ ነው። በሕመሙ ወቅት ገንፎ፣ አጥሚት፣ በወጥ የራሰ ፍትፍትና የመሳሰሉት ይመረጣሉ፤ ከቆሎ፣ ከጠንካራ ሥጋ፣ ከማስቲካና ከጫት መራቅ ያስፈልጋል። ሲያዛጉ አገጭን በእጅ መደገፍ ይጠቅማል። ሰው ምግብ በማያኝክበት ጊዜ ከንፈሩ ቢገጠምም ጥርሶቹ መነካካት የለባቸውም፤ ይህን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ማስታወስ የመንከስ ልማድን ያስተዋል። በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በጉንጭ ላይ ማድረግ ጡንቻን ያዝናናል። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ለአጭር ጊዜ ሊረዱ ይችላሉ፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ግን ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዱ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2023 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ ሕመም አጥብቆ የደገፈው በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ እንቅስቃሴን፣ የእጅ ሕክምናንና የአስተሳሰብና የባሕርይ ምክርን ነው። በአንጻሩ የጥርስን አገጣጠም በቋሚነት የሚለውጡ መሣሪያዎችንና ዲስክን በቀዶ ጥገና ማውጣትን አጥብቆ ተቃውሟል። ወልቆ የሚገባው የጥርስ መከላከያ ጥርስ እንዳይበላ ሊረዳ ቢችልም፣ ለሕመሙ ማስታገሻነት የሚሰጠው ጥቅም እርግጠኛ ስላልሆነ መመሪያው አልደገፈውም።

ለዚህ ጥንቃቄ ታሪክም ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ከቴፍሎን የተሠራ ሰው ሠራሽ ዲስክ በብዙ ሕሙማን መንጋጋ ውስጥ ተተክሎ ነበር። ዲስኩ እየተፈረፈረ አጥንትን በመብላቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ብዙዎቹ ሕሙማን ግን ከመጀመሪያው የባሰ ሥቃይ ተርፏቸዋል። ቀዶ ጥገና አስፈላጊ የሚሆነው መገጣጠሚያው ለተጣበቀበት፣ ዕጢ ለበቀለበት ወይም በጽኑ ለተጎዳበት ሕመምተኛ ነው።

እንግዲህ ሐኪም ጥርስን ለመንቀል ከመወሰኑ በፊት ጥርሱ በእርግጥ መታመሙን ማረጋገጥ፣ መገጣጠሚያውንና ጡንቻዎቹንም በእጁ መዳሰስ ይኖርበታል። ሕመምተኛም ጥርስ ማስነቀልን ወይም መሞረድን የመሰለ ተመላሽ የሌለው ሕክምና ሲቀርብለት ምክንያቱን መጠየቅ፣ አስፈላጊም ከሆነ የሁለተኛ ባለሙያ አስተያየት መሻት መብቱ ነው።