አንድ ማንቁርት፣ ሁለት ሥራ

ጣትዎን ጉሮሮዎ ላይ ጎላ ብሎ በሚዳሰሰው ቦታ ያሳርፉና መጀመሪያ «ክብ»፣ ቀጥሎ «ቅብ» ይበሉ። በመጀመሪያው ቃል ጣትዎ ሥር እምብዛም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። በሁለተኛው ግን ማንቁርትዎ ሽቅብ ገፋ ሲል ይሰማዎታል። አሁን ደግሞ ትንፋሽዎን አፍነው ሁለቱን ድምፆች ለየብቻ ይሞክሩ። «ቅ» የሳንባ አየር ሳያስፈልጋት ጥርት ብላ ትወጣለች። «ክ» ግን እሺ አትልም፤ ትንፋሽ ካላገኘች ድምፅ የላትም።

ቅ፣ ጥ፣ ጭ፣ ጵ እና ጸ የሰዋስው መምህራን «ፈንጂ» የሚሏቸው ድምፆች ናቸው። አሠራራቸው በጣም ረቂቅ ነው። የድምፅ አውታሮች ጉሮሮን ይዘጋሉ፤ ምላስ ወይም ከንፈር ደግሞ ላይኛውን በር ይዘጋል። በሁለቱ መዝጊያዎች መካከል ጥቂት አየር ታፍኖ ይቀራል። ማንቁርት ከፍ ብሎ ያንን አየር ያምቀዋል። ከዚያ ምላስ ሲለቅ የታመቀው አየር ፈንድቶ ይወጣል፤ የድምፅ አውታሮች የሚከፈቱት ከዚህ በኋላ ነው። ጉሮሮ ቀድሞ ከተከፈተ ወይም ማንቁርት ዘግይቶ ከተነሣ ድምፁ ይበላሻል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ያልቃል፤ ሦስት ዓመት የሞላው ሕፃን ደግሞ ማንም ሳያስረዳው ይሠራዋል።

ይህን ጉዳይ ወደ ካፋ ከተማ ወደ ቦንጋ ይዤ የመጣሁት በምክንያት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ870 ሺህ በላይ ሰው በተቆጠረበት በካፋ ዞን ዋናው ቋንቋ ካፊ ኖኖ ነው። ከሸካቾ፣ ከሺናሻና ከአንፊሎ ጋር ጎንጋ በሚባለው የኦሞአዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ ይመደባል። ፈንጂ ድምፆች አሉት። እንደ አማርኛ የሚጠብቁና የሚላሉ ተነባቢዎች አሉት። አናባቢዎቹም አጭርና ረጅም ሆነው ይለያያሉ። በዚህ ላይ አማርኛ የሌለው ነገር አለው፤ ይኸውም ቶን ነው። የኖርዌዩ የቋንቋ ምሁር ሮልፍ ታይል በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የካፊ ኖኖ የድምፅ ጥናት እንዳሳየው ቋንቋው ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚባሉ ሁለት ቶኖች ይለያል። ድምፅን ማውጣትና ማውረድ እዚህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቃልን ከቃል ይለያል።

ዋናው ነጥብ ይኸው ነው። ቶንን የሚያወጣውና የሚያወርደው በዋናነት ማንቁርት ነው፤ የድምፅ አውታሮችን ሲወጥራቸው ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያላላቸው ይወፍራል። ፈንጂ ድምፅን የሚሠራውም ይኸው ማንቁርት ነው፤ ሽቅብ ተነሥቶ አየር ያምቃል። የካፋ ሰው «ቅ»ን አፈንድቶ ወዲያው ዝቅተኛ ቶን ያለው አናባቢ ማውጣት ሲኖርበት፣ ላይ የወጣው ማንቁርት በዚያች ቅጽበት ወርዶና ላልቶ መገኘት አለበት። አንድ አካል ሁለት ትእዛዝ ይቀበላል ማለት ነው፤ ሁለቱ ትእዛዞች ደግሞ ሊጋጩ ይችላሉ። ታዲያ ማንቁርት እንዴት ያስማማቸዋል?

ለዚህ ጥያቄ ቅርብ የሆነ ሥራ በሌላ የአገራችን ቋንቋ ላይ ተሠርቷል። አሜሪካዊው ጆን ኪንግስተን በ1985 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ለዶክትሬት ያቀረበው ጥናት የአፍና የጉሮሮ ክንውኖች በጊዜ እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚመረምር ነበር። ካነጻጸራቸው ቋንቋዎች መካከል ትግርኛና የደቡብ አሜሪካው ኬችዋ ይገኙበታል። በትግርኛ ፈንጂዎች የድምፅ አውታሮች ከረር ይላሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው አናባቢም ድምፁ ከፍ ብሎ ይጀምራል። በኬችዋ ደግሞ ላላ ብለው ዝቅ ይላሉ። በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ምልክት የሚሰጣቸው ድምፆች በጉሮሮ ውስጥ ለካ የተለያየ አያያዝ አላቸው። ትግርኛ ግን የቶን ቋንቋ ስላልሆነ አናባቢው ከፍ ቢል ዝቅ ቢል የቃሉ ትርጉም አይነካም። በካፊ ኖኖ ይነካል። የካፋን ጉሮሮ ለዚህ ሳይንስ ውድ የሚያደርገው ይህ ነው።

አሁን ጥያቄውን ሰፋ እናድርገው። ከንፈር፣ ምላስ፣ መንጋጋ፣ እንጥል፣ ማንቁርትና ሳንባ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጡንቻና ክብደት አላቸው፤ በፈጣን ንግግር ግን በሰከንድ ከ10 በላይ ድምፆች ያወጣሉ። ሳይጋጩ እንዴት ይሠራሉ? መልሱ መፈለግ የጀመረው ከአፍ ርቆ፣ በመዶሻ ነው። ሩሲያዊው የሰውነት እንቅስቃሴ አጥኚ ኒኮላይ በርንስታይን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በሞስኮ መሮ በመዶሻ የሚመቱ ሠራተኞችን በካሜራ ቀረጸ። በለመደ ሠራተኛ ላይ ትከሻው፣ ክርኑና አንጓው ከምት ምት ይለያያሉ፤ የመዶሻው ጫፍ የሚሄድበት መንገድ ግን ከእነርሱ ያነሰ ይለያያል። ቡና የምትወቅጥ የካፋ እናትን ልብ ብሎ ላስተዋለ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ዘነዘናው ሙቀጫው መሃል ያርፋል፤ ክንዷ ግን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ አይወርድም። አንዱ መገጣጠሚያ ያጎደለውን ሌላው ይሞላል።

አፍም እንዲህ እንደሚሠራ ያሳየው ሙከራ በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ስኮት ኬልሶ፣ ቤቲ ታለር፣ ኤሪክ ቫቲኪዮቲስ-ቤትሰን እና ካሮል ፋውለር በአሜሪካ ኒው ሄቨን በሚገኘው የሃስኪንስ ቤተ ሙከራ የተናጋሪዎችን መንጋጋ ከመሣሪያ ጋር አገናኙ። ተናጋሪው በ«ብ» የሚያልቅ ቃል ሲናገር፣ መንጋጋው ለመዝጋት ሽቅብ በሚሄድበት ሰዓት መሣሪያው ሳይታሰብ ቁልቁል ይጎትተዋል። የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ከንፈሮቹ ከወትሮው በላይ ተንቀሳቅሰው የመንጋጋውን ጉድለት ሞሉ፤ «ብ» በደኅና ተባለ። ቃሉ በ«ዝ» ሲያልቅ ደግሞ የሚያካክሰው ምላስ ሆነ። ማካካሻው የጀመረው ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይህ አስቦ ለመወሰን የሚበቃ ጊዜ አይደለም። የአፍ አካላት በየግል ትእዛዝ የሚጠብቁ አይደሉም፤ ለተያዘው ሥራ ተሰባስበው፣ ሥራው ሲያልቅ ለሌላ ሥራ እንደገና የሚደራጁ ናቸው።

ኬልሶ ከዚያ በፊት ሁለት አመልካች ጣቶችን በተቃራኒ ተራ የሚያንቀሳቅስ ሰው ፍጥነቱ ሲጨምር ሳይፈልግ ጣቶቹ አብረው ወደ መሄድ እንደሚዞሩ አሳይቶ ነበር። የዚህ ነገር ዘመድ በአፍ ውስጥም አለ። «አብ፣ አብ፣ አብ» እያሉ ያለ ማቋረጥ ያፋጥኑት፤ ቆይቶ «ባ፣ ባ፣ ባ» ሆኖ ይሰማል። ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ሲነሡ ቅንጅቱ የረጋ ነው፤ ተነባቢው ተከታይ ሲሆን በፍጥነት ውስጥ ይናጋል።

ስለ ፈንጂ ድምፆች ሲነሣ አንድ ሌላ ሐሳብ መጥቀስ ግድ ነው፤ ኢትዮጵያ ስሟ ይነሣበታልና። የቋንቋ አጥኚው ኬሌብ ኤቨረት በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ፈንጂ ድምፅ ያላቸው ቋንቋዎች በከፍተኛ ቦታዎችና በአቅራቢያቸው እንደሚበዙ ጽፏል። ምክንያቱ በደጋ ያለው ቀለል ያለ አየር ለማመቅ ስለሚመች ሊሆን ይችላል አለ። ደጋችን በምሳሌነት ይቆጠራል፤ ካፋም ከዚያው ወገን ናት። አፋርኛና ሶማሊኛ ፈንጂ ስለሌላቸው ሐሳቡ ላይ ላዩን ያሳምናል። ነገር ግን በኤርትራ ቆላና በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚነገረው ትግረ ፈንጂዎቹን ይዞ ኖሯል። በእኔ እምነት የቋንቋ ዝምድናና ጉርብትና ከተራራ ከፍታ የበለጠ ያስረዳሉ።

ይህ ሁሉ ለሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ሕፃናቱ ይመልከት። ላንቃው ሳይገጥም የተወለደ ሕፃን አፉ ውስጥ አየር ማመቅ አይችልም፤ አየሩ በአፍንጫው ያመልጠዋል። ት፣ ክ፣ ጥ፣ ቅ ሁሉም ይፈተናሉ። ልጁ ታዲያ ዝም አይልም። አየሩ ከማምለጡ በፊት ጉሮሮው ላይ ይገታዋል፤ የሌሎቹን ተነባቢዎች ቦታ በጉሮሮ መዘጋት ይተካል። በሃስኪንስ ሙከራ ከንፈር መንጋጋን እንዳካካሰ ሁሉ እዚህም አካል አካልን ይተካል። ልዩነቱ ይህኛው ልማድ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ላንቃውን ከሰፋው በኋላም ልጁ በቀድሞው መንገድ ሊናገር ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የንግግር ሕክምና ነው።

በዚህ መስክ ኢትዮጵያዊ ሥራ አለ። አበባየሁ መሰለ መኮንን በ2013 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ላንቃቸው በቀዶ ሕክምና የተጠገነላቸው አማርኛ ተናጋሪ ልጆች ንግግር ላይ ነው። የጥናቱ ክብደት ግልጽ ነው። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መመዘኛ ስለ ጥና ቅ አይጠይቅም፤ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ችግር ያለው እዚያ ከሆነ መመዘኛው ሳያየው ያልፋል። ይኸው ነገር በአማርኛና በካፊ ኖኖ መካከልም ይደገማል። በአማርኛ ቃላት ዝርዝር የሚመረመር የካፋዎቹ የገዋታ ወይም የዴቻ ወረዳ ልጅ ቶኑን ስለማጣቱ የሚጠይቀው አይኖርም።

ካፋን ዓለም የሚያውቃት በቡናዋና በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በመዘገበው ደኗ ነው። ቋንቋዋም ከሩቅ አገር ሰዎች እጅ ብዙ ትኩረት አግኝቷል፤ የኦስትሪያው ሊዮ ራይኒሽ በ1888፣ የጣሊያኑ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1951 እ.ኤ.አ. ስለ ካፊ ኖኖ መጻሕፍት አሳትመዋል። አሁን ተራው ቋንቋውን አፋቸው ውስጥ ይዘው ያደጉ ሰዎች ነው፤ ማንቁርት መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚወርድ በመሣሪያ የሚለኩ የካፋ ልጆች ያስፈልጋሉ። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ስመ ጥሩው የድምፅ ሊቅ ፒተር ላደፎጊድ ምላስ ላንቃን የት እንደሚነካ ለማወቅ በገጠር ይጠቀምበት የነበረው ዘዴ የከሰል ዱቄት፣ ዘይት፣ መስታወትና ካሜራ ነበር። ከሰሉ በዘይት ተለውሶ ምላስ ላይ ይቀባል፤ ሰውየው ቃሉን ይላል፤ ላንቃው ላይ የታተመው በመስታወት ታይቶ ፎቶ ይነሣል። ለቶኑ ጥሩ ማይክሮፎንና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለቦንጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ለዞኑ የትምህርትና የጤና ባለሙያዎች አቀርባለሁ። የካፊ ኖኖ ተናጋሪዎችን ድምፅ ከአረጋውያን እስከ ሕፃናት ቅረጹ፤ ፈንጂዎቹንና ቶኖቹን አብራችሁ ለኩ፤ ከዚያ የሚወጣውን የቃላት ዝርዝር ላንቃቸው ለተጠገነ ልጆች መመዘኛ አድርጉት። በካፊ ኖኖ የሚናገር ልጅ ያላችሁ ወላጆችም የንግግር ባለሙያ ስታገኙ ልጁ በቤቱ ቋንቋ እንዲታይለት ጠይቁ።