ቢሮ ውሎ ማራቶን የሚያሸንፈው ጃፓናዊ

ኤፕሪል 16 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ቦስተን ላይ የወረደው ዝናብ ከበረዶ የሚተናነስ አልነበረም። ነፋሱ ሯጮቹን ፊት ለፊት ይገፋል፤ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ስመ ጥሮቹ አንድ በአንድ ከመንገድ ወጡ። አሜሪካ ተስፋ የጣለችበት ጌለን ራፕ አቋረጠ። በሴቶቹ ተነጥላ ወጥታ ስትመራ የነበረችው የእኛዋ ማሚቱ ዳስካም ሳትጨርስ ቀረች። በወንዶቹ ያለፈው ዓመት አሸናፊና የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኬንያዊው ጂኦፍሪ ኪሩይ ብቻውን እየመራ ሳለ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው አንድ ጃፓናዊ ከኋላ ደርሶ አለፈው። ሰውየው ዩኪ ካዋኡቺ ይባላል። የገባበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ በቦስተን ከ1976 ወዲህ ከተመዘገቡት የአሸናፊ ሰዓቶች ሁሉ የዘገየው ነው፤ ያም ሆኖ ሁለተኛ የወጣው ኪሩይ ከሁለት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ጉዳዩ ከሰዓቱ ላይ አይደለም። ካዋኡቺ ያን ዕለት የሳይታማ አውራጃ አስተዳደር ተራ ሠራተኛ ነበር፤ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው።

ይህ ለምን እንደሚያስደንቅ ለመረዳት የጃፓንን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ ጎበዝ ሯጭ የሚያዘው በኩባንያ ነው። ቶዮታና ሆንዳን የመሳሰሉ ድርጅቶች የራሳቸው ቡድን አላቸው። ሯጩ በስም የኩባንያው ሠራተኛ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ግን እምብዛም አይገኝም። አሠልጣኙን፣ መኝታውንና ወጌሻውን ኩባንያው ያቀርብለታል፤ እሱም በየዓመቱ መግቢያ በቴሌቪዥን በሚተላለፈው የኩባንያዎች ዱላ ቅብብል ላይ የአሠሪውን ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ ይሮጣል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መከላከያ፣ ኦሜድላ፣ ሙገር ሲሚንቶ እያልን ያደግነው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር።

ካዋኡቺን ግን ኩባንያዎቹ አልፈለጉትም። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱ ጉዳት እየደጋገመ አስቸገረው፤ ዩኒቨርሲቲም ሲገባ በሩጫ ስም ባላት ትምህርት ቤት አልነበረም። እዚያ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰውነትን ሳያደቅቁ መለማመድን ተማረ። በ2009 ተመርቆ የመንግሥት ሥራ ያዘ። የተመደበው በማታ ትምህርት ክፍል ስለነበር ሥራ የሚገባው ከቀትር በኋላ፣ የሚወጣውም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ጠዋት ይሮጣል፤ ከዚያ ሸሚዙን ለብሶ ቢሮ ይገባል። ለጠንካራ ልምምድ የሚያሯሩጠው ጓደኛ ስለሌለው መላ ዘየደ፤ ውድድሩን ራሱን ልምምድ አደረገው። ሌላው በዓመት ሁለት ማራቶን ሮጦ ሲያርፍ፣ እሱ ቅዳሜና እሁድ በተገኘው ውድድር ሁሉ ይሰለፋል።

በ2011 የቶኪዮ ማራቶን በ2:08:37 ሦስተኛ ሲወጣ፣ ጃፓን ውስጥ ያሉ ባለ ደመወዝ ሯጮችን ሁሉ ቀድሞ ነበር። የኩባንያ አሠልጣኞች ምን እንዳሉ ባልሰማም መገመት አያዳግትም። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቶኪዮ 14ኛ ሲወጣ ደግሞ ይቅርታ ለመጠየቅ ጸጉሩን ተላጨ። ማንም ሳያዝዘው!

እኔ በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢ በነበርኩበት ዘመን የአትሌት ድል ዜና ሲመጣ ምስጋናው ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ሯጩ ማን ፈቃድ ሰጥቶት እንደሚለማመድ፣ ከሽልማቱስ ስንቱ እጁ እንደሚገባ የሚጠይቅ ጽሑፍ በገጹ ላይ ቦታ አልነበረውም። የካዋኡቺን ነገር በትኩረት የተከታተልኩትም በዚህ የተነሳ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ የስፖንሰር ገንዘብ መቀበል አይችልም ነበር። ደመወዙን ይዞ፣ አሠልጣኝ ሳይኖረው፣ የሚሮጥበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል። በጃንዋሪ 2013 ወደ ግብጽ ሊሄድ ሲል ፓስፖርቱን ቤት ረስቶ አውሮፕላኑ አመለጠው። ከኪሱ እጅግ ውድ ትኬት ቆርጦ ሄደና የሉክሶርን ማራቶን በ2:12:24 አሸነፈ። የክለብ ሯጭ ቢሆን ኖሮ ሳይገሠጽ የሚቀር አይመስለኝም።

ቦስተን ላይ ያን ቀን ሌላም ሠራተኛ ነበረች። በሴቶች ሁለተኛ የወጣችው ሣራ ሴለርስ አሪዞና ውስጥ የማደንዘዣ ነርስ ነበረች፤ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ከራሷ ከፍላ የገባች፣ ከሥራ በፊት በጨለማ ወይም ከሥራ በኋላ የምትለማመድ ሴት። ሁለተኛ መውጣቷን ያወቀችው ጨርሳ ከገባች በኋላ ሲነግሯት ነው። ሽልማቷ 75 ሺህ ዶላር ነበር። በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ፈረቃ እየቆማችሁ ይህን የምታነቡ እህቶች የሌሊት ሥራ እግርን ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁና አላብራራም።

ነገሩን አሳምሮ መተው ግን ታማኝነት አይሆንም። ካዋኡቺ ምርጥ ሰዓቱን በ2013 ሴኡል ላይ 2:08:14 ካደረሰ በኋላ፣ በሥራ ላይ እስከቆየበት ጊዜ ድረስ አላሻሻለውም። በ2019 የመንግሥት ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለሩጫ ሰጠ። በፌብሩዋሪ 2021፣ 34ኛ ዓመቱን ሊደፍን ቀናት ሲቀሩት፣ በቢዋ ሐይቅ ማራቶን 2:07:27 ሮጠ። አበበ ቢቂላ በ1961 ኦሳካ ላይ፣ በ1965 ደግሞ ኦትሱ ላይ ያሸነፈው ይህንኑ የማይኒቺ ውድድር ነው። እርግጥ ያን ቀን አየሩም የተስማማ ነበር፤ ኬንጎ ሱዙኪ በ2:04:56 በወቅቱ የጃፓን ክብረ ወሰን የሆነውን ሰዓት ያስመዘገበው በዚያው ውድድር ነው። ቢሆንም አሥር ዓመት የጠረጴዛ ሥራ ከእግሩ ላይ ስንት ደቂቃ እንደወሰደበት መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። እሱ ራሱ ሥራውን የለቀቀው ገና ፈጣን መሆን እችላለሁ ብሎ ስላመነ እንጂ ቢሮው ስላባረረው አይደለም።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በሆፉ ከተማ ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በታች የጨረሰውን 100ኛ ማራቶን ሮጠ። ከእነዚያ መቶዎች አብዛኞቹ የተሮጡት ሰኞ ሥራ ይገባ በነበረበት ዘመን ነው።