ሲዲ ድራይቩ አልሞተም ነበር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ክበባችን አሮጌ ኮምፒውተር ነው። በሰልፍ ሰዓት መዝሙር የምንከፍትበትን፣ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ያለውን ማለቴ ነው።

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ሲዲ አለ። ከእኛ በፊት የነበሩ የክበቡ አባላት ዝግጅታቸውን እየቀዱ ያስቀመጡት ነው። አንዱ ላይ በማርከር «የወላጆች በዓል 2003» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ቀን ዜና ያነበበችው እህቴ ናት። አሁን ቤይሩት ናት፤ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። እናቴ «በስልክ ድምጿን እሰማለሁ፣ የልጅነት ድምጿ ግን ጠፋብኝ» ትላለች።

ኮምፒውተሩ ደግሞ ሲዲ አላነብ አለ። ቁልፉን ስንጫን አፉን ይከፍታል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ዲስኩም ሲሽከረከር ይሰማል። «ማይ ኮምፒውተር» ውስጥ ስንገባ ግን ሲዲ የሚባል ነገር የለም። «አርጅቷል፣ ጣሉት» ተባልን። ካርቶኑም አብሮ ሊጣል ነበር።

እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግነው የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ መጥቶ አየልን። መጀመሪያ ሁለት ቃላት ለየልን። ድራይቭ ዲስኩ የሚገባበት ዕቃ ነው። ድራይቨር ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው (እኔ ሹፌር መስሎኝ ነበር)። ሥራው ማስተርጎም ነው። አያቴ ከገጠር ስትመጣ ሲዳሙ አፎ ብቻ ስለምትናገር ጤና ጣቢያ ከሐኪሙ ጋር የማግባባት እኔ ነኝ። እኔ ከሌለሁ እሷም ትናገራለች፣ እሱም ይሰማል፣ ግን አይግባቡም። ዊንዶውስና ሲዲ ድራይቭም እንደዚያው ናቸው። አፍ ለመክፈትና ለመሽከርከር አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪክ ይበቃል።

ድሮ በዶስ ዘመን ፋብሪካዎች ለድራይቫቸው የራሳቸውን ድራይቨር በፍሎፒ ዲስክ ይሰጡ ነበር። ፍሎፒው ከጠፋ ጣጣ ነው። በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አታፒ የሚባል የጋራ ቋንቋ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አንድ ድራይቨር ይዞ ይመጣል፤ ለሁሉም ማለት ይቻላል እሱ ይበቃል። ታዲያ የእኛን ምን ነካው?

የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተሩን ኡቡንቱ ባለበት ፍላሽ አስነሣው። ኡቡንቱ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፣ የራሱ ድራይቨር አለው። ወዲያው ዲስኩ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ! ዕቃው ደህና ነው ማለት ነው። የእህቴን ሲዲ እዚያው ገለበጠልን። ግን ካርቶን ሙሉ ሲዲ አለን፣ እኛ ደግሞ የለመድነው ዊንዶውስ 7 ነው።

ወደ ዊንዶውስ ተመልሶ ዲቫይስ ማናጀርን ከፈተ። ከድራይቩ ስም ጎን ቢጫ ምልክት አለ፤ ሲነካው «ኮድ 39» አለ። ድራይቨሩን መጫን አልቻልኩም ማለቱ ነው። ከዚያ «ሲዲ የሚጽፍ ፕሮግራም ያጠፋ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ዝም አልን። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ፣ ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ።

ያ ፕሮግራም ሲጫን ከድራይቨሩ ጋር ፊልተር የሚባል የራሱን ሠራተኛ አስቀምጦ ነበር። ፕሮግራሙ ሲጠፋ ፊልተሩም ጠፋ፤ ስሙ ግን ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ላይ ቀረ። ዊንዶውስ በተነሣ ቁጥር ስሙን ይጠራል፣ «አቤት» የሚል የለም፣ ስለዚህ ድራይቩን እንዳለ ይዘጋዋል። መምህር ስም ሲጠሩ አንድ ልጅ ቀረ ብለው ክፍሉን በሙሉ ወደ ቤት እንደ መስደድ ነው።

መጀመሪያ የመዝገቡን ቅጂ አስቀመጠ። ከዚያ በሲዲ ድራይቭ ክፍል ውስጥ «አፐር ፊልተርስ» እና «ሎወር ፊልተርስ» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ሰረዘና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አደረገ። ቢጫው ምልክት ጠፋ። አንድ ብርም አልወጣም። (እናንተ ግን ያለ አይሲቲ መምህር ሬጅስትሪ ውስጥ እንዳትገቡ፤ የተሳሳተ መስመር ከተሰረዘ ዊንዶውስ ራሱ ላይነሣ ይችላል።)

የ2003ቱ ሲዲ ጭረት ስላለበት ድራማው ይቆራረጣል። የእህቴ ዜና ግን ሙሉ ነው፤ ስለ ችግኝ ተከላ ነው የምታነበው፣ አንድ ቦታ ላይ ተሳስታ «ይቅርታ» ትላለች። እናቴ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት የካርቶኑን ሲዲዎች እየገለበጥን ነው። እቤታችሁ የቆየ ሲዲ ካለ አምጡልን። አንድ ሲዲ የሚይዘው ወደ 700 ሜጋ ባይት ስለሆነ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ 10 ሲዲ ይችላል። ፍላሹን ግን ይዛችሁ ኑ፣ ክበቡ የለውም።